ትኩሳት እየለኩ እስከ ጎበሳ

ከመንገድ እንደተመለስኩ የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ሴቶች ተሰብስበው «አርሲ እንዴት ነው? ጎበሳ ምን ይመስላል?» ብለው ያዙኝ። እውነቱን ልናገር፤ የጎበሳን ገበያ በወጉ አላየሁትም። ያየሁት ቴርሞሜትር ነው። ስድስት ቀን ሙሉ የልጄን ብብት እየለካሁ ሄድኩ፣ እየለካሁ ተመለስኩ። ቢሆንም ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ፤ ያልተጻፈ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

ልጄ ሂክማ አራት ዓመቷ ነው። ትኩሳት ሲነሳባት ትወድቃለች። ሰውነቷ ይገተራል፣ ዓይኗ ወደ ላይ ይገለበጣል፣ ከንፈሯ ይጠቁራል። አንዳንዴ ሙቅ ውሃ ብቻውን ይበቃታል። ዘንድሮ ደሟ ውጭ አገር ተልኮ ተመረመረና መልሱ መጣ፤ ኤስ ሲ ኤን አንድ ኤ የሚባል ዘረመሏ ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። ዶክተሯ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠርታ አስረዳችኝ።

«ይሄ ዘረመል አንድ ፕሮቲን ነው የሚያሠራው። ፕሮቲኑ የአንጎል ሴል ሽፋን ላይ እንደ በር ይቀመጣል። ሲከፈት ሶዲየም ይገባል፣ ያው ጨው በዪው፤ ያኔ ሴሉ መልእክት ያስተላልፋል። የሂክማ በሮች ግን ግማሾቹ አይሠሩም።»

«በሩ ካልተከፈተ አንጎሏ ዝም ማለት አልነበረበትም? ለምን ይረበሻል ታዲያ?» አልኳት።

«ይሄን በር ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት ሌሎቹን ዝም የሚያሰኙት ሴሎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ በያቸው። ሽማግሌ ድምፁ ከጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል።»

ቀጥሎ የእኔና የባለቤቴ የነስሩ ደም ተላከ። ለውጡ የመጣው ከእኔ ነው። ከእኔ! በሕይወቴ አንድ ቀን ወድቄ የማላውቀው እኔ! ይህን ስሰማ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ሆዴ ውስጥ ላለው ልጅ የመተላለፉ ዕድል እኩል ለእኩል ነው አለችኝ፤ ወይ ይወርሳል ወይ አይወርስም። ቢወርስስ? ያው አንድ ለውጥ በአንድ ቤት ውስጥ አንዱን ንክች ሳያደርግ ያልፍና ሌላውን ይጥላል።

«ሂጂና ዘመዶችሽን ጠይቂ፤ ማን ይወድቅ ነበር፣ ማን ተወው፣ ማን ሞተ። የቤተሰብሽን ሥዕል ካገኘሁ ስለሚመጣው ልጅ የምነግርሽ ነገር ይኖረኛል። ለመሆኑ ስንት ወንድምና እህት ናችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ» አልኩ። አንዲት ክብ ሠራችና «ይቺ አንቺ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ የሁለት መድኃኒቶች ስም ጽፋ ሰጠችኝ። «እነዚህን ማንም ቢሰጥሽ እንዳትቀበዪ። የሶዲየም በር የሚዘጉ ናቸው። ብዙ ሰው ያድናሉ፣ እሷን ግን ያብሱባታል።»

እናቴን በስልክ ጠይቄያት ነበር። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለችና ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው እንዳልል ኔትወርኩ ደህና ነበር። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ጎበሳ ትኖራለች። እኔ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ነው ያደግሁት፤ ለትምህርት ተብሎ። አክስቴን «አንቺ»፣ እናቴን «እርስዎ» እያልኩ አደግሁ። ያለችውን አንድ ልጅ እንዴት ሰው ለሰው ይሰጣል? ይህቺ ጥያቄ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ እንደተሰካች ሠላሳ ዓመት አለፈ። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? እኔም ፈሪ ነኝና ለእናቴ ተነሳሁ። ሂክማን ትቻት የምሄድበት ሰው ስለሌለኝ ይዣት ወጣሁ።

ማክሰኞ

ነስሩ መናኸሪያ ድረስ ሸኘን። የሚኒባሱን መስኮት ይዞ «ሰሚ፣ ቅሪ በቃ» አለኝ። «ስልክ አለ አይደል?»

«ስልክ ይቋረጣል» አልኩት።

ቦርሳዬን ለሦስተኛ ጊዜ ፈተሽኩ። ቴርሞሜትር፣ የትኩሳት ሽሮፕ፣ ጠዋትና ማታ የምትወስደው የሚጥል በሽታ ሽሮፕ፣ ከአምስት ደቂቃ በላይ ከወደቀች በመቀመጫዋ የሚሰጥ ዲያዜፓም፣ ቀዩ ወረቀት። ይህን ሁሉ ስቆጥር የራሴን ሹራብ ረሳሁና አርሲ ላይ ዋጋዬን አገኘሁ።

አዳማ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ፊታችንን መታን። ለሌላው ሰው አዳማ ሐብሐብና ጥላ ነው፤ ለእኔ ሠላሳ ሰባት ነጥብ ስድስት ነው። የሂክማን ጃኬት አውልቄ እርጥብ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል ሳደርግ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ «ኧረ ልጅቷን ብርድ ታስመቻታለሽ!» ብላ ተቆጣችኝ። ፎጣውን አላነሳሁትም። ዴራን አልፈን ወደ ኢተያ ስንወጣ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ ግራና ቀኙ የደረሰ ስንዴ ሆነ፣ ተመስገን አልኩ። አሰላ ስንገባ ደግሞ ብርዱ ያስፈራኝ ጀመር። ሙቀት ይጥላታል፤ ብርድ ጉንፋን ያመጣል፣ ጉንፋን ትኩሳት ያመጣል፣ ትኩሳት ይጥላታል። ለእኔ የሚመች አየር አላህ አልፈጠረም።

ያረፍነው ወይዘሮ አስቴር የሚባሉ ሴትዮ ፔንሲዮን ነው። ስድስት ክፍል፣ አንድ ግቢ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ጭላሎ። እኛ ሰፈር መስኮት ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት ልብስ ማስጫ ነው፤ እዚህ ተራራ ተደገነብኝ። ሴትዮዋ ሂክማን ሲያዩ ሆዳቸው ባባ መሰለኝ፣ ሳልጠይቃቸው እንፋሎቱ የሚነሳ ውሃ በሳፋ ይዘው መጡ።

«መንገድ የደከመው ልጅ ሙቅ ውሃ ነው መድኃኒቱ። ነይ የኔ ቆንጆ፣ እግርሽን ክተቺ።»

«እንዳይነኳት!» ብዬ ጮህኩ። ሳፋው ግማሹ ፈሰሰ። ሴትዮዋ ደንግጠው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«አለርጂ አለባት» አልኳቸው። ውሸት! እናቴ ደበቀችኝ ብዬ ከአዲስ አበባ የተነሳሁ ሴትዮ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሰው ፊት ደበቅሁ። ያውም ወሬያቸው እኛ ቤት በማይደርስ ሰው ፊት።

አላህ ግን ቀጣኝ። በድንጋጤ የማታውን መድኃኒት ሳወጣ ጠርሙሱ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ እንክትክት አለ። ሽሮፑ ተንጣለለ። አንድ ጊዜ መድኃኒቷን ያጣች ዕለት ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት፣ ይሄ መድኃኒት ዛሬ ማታ ካልተገኘ አልቆልኛል።

ወይዘሮ አስቴር አንድ ቃል አልጠየቁም። ነጠላቸውን ጣል አደረጉና «ተነሺ። እኔ የስኳር በሽተኛ ነኝ፤ አሰላ ውስጥ የማላውቀው ፋርማሲ የለም» አሉኝ። የመጀመሪያው ጋር የለም። ሁለተኛው ጋር ያለው ወጣት ፈልጎ ፈልጎ ሌላ ዕቃ አመጣ፤ «ያ አልቋል። ይሄም ለሚጥል በሽታ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚወስደው ነው።» ካርተኑን አየሁት። ቀዩን ወረቀት አወጣሁ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ስም ራሱ ነው!

ቀዩ ወረቀት ቤት ቢቀር ኖሮ አመስግኜ፣ መርቄ፣ ከፍዬ እሰጣት ነበር። ልጁ ወረቀቱን አንብቦ «እህቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላጋጠመኝም» አለና ራሱ ስልክ ደውሎ ሦስተኛው ፋርማሲ ጋር የእኛን ሽሮፕ አስያዘልን። ሮጠን ደረስን። ሂክማ መድኃኒቷን ጠጥታ ስትተኛ ወይዘሮ አስቴር ደጃፉ ላይ ቆመው «እንዲህ ያለውን ነገር መጀመሪያ ነው የሚናገሩት» አሉኝ። ቁጣ ነበር፣ ግን የእናት ቁጣ።

ረቡዕ

ጠዋት ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት። የአርሲ ሮቤን ሚኒባስ ያዝን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሹፌሩን ጠየቅሁ፣ ረዳቱን ጠየቅሁ፣ ጎኔ የተቀመጡትን አዛውንት ጠየቅሁ። አዛውንቱ «አንቺ ልጅ፣ መንገዱ እንዳንቺ አልፈራም» ብለው አሳቁብኝ። ኮምባይነሮች ማሳው ላይ ያጉረመርማሉ፣ አቧራቸው ይነሳል። ሂክማ «ማሚ፣ ትልቅ መጥረጊያ!» ትላለች። እሷ በመስኮት ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ።

ሮቤ መግቢያ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ደግነቱ ጎሚስታው ቅርብ ነበር፤ ጎማው እስኪሠራ ከጎኑ ካለችው ሻይ ቤት ገባን። ባለቤቷ እማማ ከድጃ ሰማንያ የተጠጉ ሴት ናቸው። ሂክማን አይተው በኦሮምኛ መረቁ፣ በቅቤ የታሸ ጩኮ በስኒ አቀረቡላት። አዲስ አበባ ጩኮ ስጠኝ ብትል በሶ ነው የሚያመጡልህ፤ ያም ያለ ቅቤ። ልጄ ጣቷን እየላሰች ጨረሰችው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የሁሴን ነጋዴው። እህል ይነግድ ነበር፤ ድሮ ሮቤ ነበርን ይሉኛል።»

እማማ ከድጃ ብድግ አሉ። «የሀደ ጀማል ልጅ! ያ ረቢ!»

በእኛ አገር ሴት የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ በስሟ የሚጠራት የለም። ሀደ እገሌ ትባላለች፣ የእገሌ እናት ማለት ነው። የእኔን እናት ጎበሳ ውስጥ የሚያውቃት ሁሉ ሀደ ሰሚራ ነው የሚላት። ሰሚራ እኔ ነኝ።

«ተሳስተዋል እማማ። የእኔ እናት ሀደ ሰሚራ ናት። እኔ የመጀመሪያም የመጨረሻም ነኝ።»

አሮጊቷ አዩኝ። ከዚያ ሂክማን አዩ። ከዚያ ስኒውን አንስተው ማጠብ ጀመሩ። «እርጅና ነው ልጄ፣ ሰው እየተምታታብኝ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን አልተምታታም። ሚኒባሱ ተሠርቶ ሲጠራን «ዛሬ ጎበሳ አትደርሱም፣ እኔ ጋር እደሩ» ብለው የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልን። የፈለግሁትን ያህል ብጠይቃቸው ስለዚያ ስም አንድ ቃል አልወጣቸውም። ቤታቸው ይሞቃል፣ አልጋው ንጹሕ ነው፤ እኔ ግን ጀማል፣ ጀማል፣ ጀማል ስል አደርኩ። ዶክተሯ ወረቀት ላይ ያለችው ክብ ብቻዋን አልነበረችም ማለት ነው? ካልነበረችስ ሌላው የት ሄደ?

ሐሙስ

ጎበሳ የገባነው ረፋድ ላይ ነው። ከመናኸሪያው በጋሪ ሄድን፤ ሂክማ በፈረሱ ጭራ ስቃ ልትሞት! እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ትንሽ አርጅታለች፣ ትንሽ አጥራለች። ሂክማን አቅፋ ሳመችና መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ግንባሯን በእጇ ጀርባ መንካት ነበር። እኔ ቀን ሙሉ የማደርገውን ነገር። ዓይኖቻችን ተገጣጠሙ፣ እናቴ እጇን መለሰች።

ምሳ ማርቃ ሠራችልን፤ የእኛ ገንፎ ነው፣ ግን እሷ ቅቤ አትሰስትም። ስትጎነበስ ከመቀነቷ ውስጥ የክብሪት ቀፎ ወደቀ። አነሳሁላት። ቤቱ መብራት አለው፣ ምድጃው ኤሌክትሪክ ነው፣ እናቴ ሲጋራ አይታ አታውቅም።

«እማ፣ ክብሪት ለምን ይይዛሉ?»

«መብራት ይጠፋል» ብላ ቀማችኝ።

እኔ ክብሪት ሲጫር ሆዴ ይባባል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ልጅ ሆኜ አክስቴ ሻማ ስትለኩስ ያለ ምክንያት አለቅስ ነበር።

ከምሳ በኋላ ደብተሬን አወጣሁ። ዶክተሯ የነገረችኝን ሁሉ፣ ስለ በሩም ስለ ጨውም፣ ሆዴ ውስጥ ስላለውም ነገርኳት። «እማ፣ ከአባቴ ወገን ይሁን ከእርስዎ፣ የወደቀ ሰው ነበር? እኔስ?»

«የለም።»

«ጀማል ማን ነው?»

እናቴ ሳህኑን አነሳች። «ሮቤ ውስጥ ስንት ጀማል አለ። አንቺ የሰው ወሬ መሰብሰብ ጀመርሽ?» ብላ ወጣች። ግቢው ውስጥ ለረጅም ጊዜ አንድን ሳህን ስታጥብ ሰማኋት። ተናደድኩ፣ ከንዴቱ በላይ ግን ፈራሁ። ሰው ቀላል ነገር እንዲህ አይደብቅም።

ዓርብ

ጠዋት ከመጸዳጃ ስመለስ ሂክማ አልጋው ላይ የለችም፣ ማለት አትታይም። ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ክምር ብሎ ተቀምጧል፤ ከላይ አፍንጫዋ ብቻ ይታያል። እናቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ ጥጉን እየጠቀጠቀች ነው።

«ትኩሳት ይዟታል። ያልባት፣ ይወጣላታል።»

«እማ!» ጋቢውን ገፍፌ ጣልኩት። እናቴ መልሳ ሳበችው። ሁለታችን በልጅቷ ላይ ጋቢ ተጓተትን፣ ያሳፍራል፣ ግን እንዲያ ነበር። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት አለ። የትኩሳቱን ሽሮፕ ማንኪያ ላይ ሳንቆረቁር የሂክማ ክንድ ተገተረ።

ጀመረ። በጎኗ አስተኛኋት፣ ጋቢውን ከጭንቅላቷ ሥር አደረግሁ። ስልኬ ያለው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ ያለው ሌላ ክፍል። ወዲያው ጫር የሚል ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ክብሪት ጭራ አጥፍታ ጭሱን ወደ ልጄ አፍንጫ ልታስጠጋ ተንበርክካለች። እንደገና ልትጭር ስትል አንዱ እንጨት ተሰበረ፣ ሁለተኛው ተሰበረ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። እኔ ይህን ወለል አውቀዋለሁ። ይህን ፊት ከሥር ወደ ላይ አይቼው አውቃለሁ።

«ተዪው እማ! ክብሪት ምንም አያደርግላትም!»

«እጄስ ምን ይሥራ?» ብላ ጮኸች። «እጄስ?»

«ቁጠሪ! ደቂቃውን ቁጠሪልኝ! ከአምስት ካለፈ መድኃኒት አለ!»

እናቴ ሰዓት የላትም። ክብሪቱን ወረወረችና ከአንገቷ መቁጠሪያዋን አወጣች። ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ አለው፤ ፍሬ በሰከንድ ቢሄድ ሦስት ዙር አምስት ደቂቃ ነው። ጣቷ መሄድ ጀመረ፣ ከንፈሯም አብሮ፤ «ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ…» ሮጬ ቦርሳውን አመጣሁ። የሂክማ ከንፈር ጠቆረ። «አንድ ዙር» አለች እናቴ። ግራ እግሯ መምታት ጀመረ። አረፋ ወጣ፣ ጠረግሁ። «ሁለት።» ሆዴ ውስጥ ያለው ልጅ ረገጠኝ፤ አንተም? አንቺም? አልኩት በልቤ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ዲያዜፓሙን አዘጋጀሁ፣ ክዳኑ እምቢ ሲለኝ በጥርሴ ነቀልኩት። እናቴ ድምፅዋ ሳይዛነፍ «ሦስት!» አለች፤ ያኔ ለሂክማ ሰጠኋት።

አራተኛው ዙር ላይ፣ ሃምሳኛው ፍሬ ገደማ፣ ሂክማ ረጅም ትንፋሽ ወሰደችና ሰውነቷ ለቀቀ። ከንፈሯ ቀላ። እናቴ ግን ቀጠለች፣ ጣቶቿን ይዤ እስካስቆማት ድረስ።

ባጃጅ ጠርተን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ጉሮሮዋ ቆስሏል ብላ መድኃኒት ሰጠችን፣ አንድ ሁለት ሰዓት እዚሁ ትቆይልኝ አለች። ሂክማ ተኝታለች። እኔና እናቴ በረንዳው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እናቴ ሳልጠይቃት ጀመረች።

«ጀማል ሦስት ዓመቱ ነበር። ሮቤ ነው። ጠዋት ተኮሰ። በሁለት ጋቢ ጠቀለልኩት። እስከ ዙሁር ሶላት ድረስ ሲወድቅ ሲነሳ፣ ሲወድቅ… የቤቴን ክብሪት ጨርሼ የጎረቤት ክብሪት አስመጣሁ። አባትሽ ጋሪ ይዞ ሲደርስ አልቆ ነበር።» ከዚያ ፊቷን ወደኔ አዞረች። «ቅድም ጋቢውን ስትገፊው… ያባብሳል ማለትሽ ነው? ጋቢው?»

ዶክተሯ ይህን እንዴት እንደምመልስ አላስተማረችኝም።

«እማ፣ በሽታው ነው የወሰደው። በዚያ ቀን ማንም የነገረሽ የለም። ያለሽን ሁሉ ነው ያደረግሽው።»

«የጠቀለልኩት እኔ ነኛ» አለች። አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ነርሷ ብቅ ብላ አይታን ተመልሳ ገባች።

ቀሪውን እየቆራረጠች ነገረችኝ። ጀማል ከተቀበረ በኋላ ነው አማቷ፣ የአባቴ እናት፣ አባቴም ልጅ ሳለ በትኩሳት ይወድቅ እንደነበርና አድጎ እንደተወው የነገረቻት። ያን ጊዜ እናቴ እኔን አርግዛ ነበር፤ ልክ እንደኔ አሁን። ሰው «ጀማል በምን ሞተ?» እያለ እንዳይጠይቅና የሚወለደው ልጅ ስም እንዳይወጣበት ሮቤን ለቀው ጎበሳ ገቡ። እዚህ የሚያውቃት የለም። እኔ ስወለድ ሀደ ሰሚራ አሏት፣ እሷም አቤት አለች።

«መጀመሪያ አፈር አለበስኩት። ከዚያ ስሙን ከላዬ አወለቅሁት። ልጄን ሁለቴ ቀበርኩት።»

«እኔስ? እወድቅ ነበር?»

«ከሁለት ዓመትሽ ጀምሮ። አምስት ሲሞላሽ አክስትሽ ደወለች፤ ቤቷ ከክሊኒክ ጋር አጥር ይጋራል አለችኝ። እዚህ የነበረው ጋሪ ነው። ጋሪ ለጀማል አልደረሰም። እንግዲህ ከኔ ጋር ከምትሞቺ ከኔ ርቀሽ ኑሪ አልኩ።»

የአክስቴ ቤት! ሌሊት ሌሊት በአምቡላንስ ድምፅ የተማረርኩበት ቤት! ለትምህርት ነው ተብሎ ሠላሳ ዓመት የቆየው ያ የዓሣ አጥንት እዚያ አግዳሚ ላይ ወጣልኝ። የወጣበት ቦታ ግን ይቆጠቁጣል።

«ለምን አልነገርሽኝም እማ?»

«ታገቢ ዘንድ ነዋ። ማን ያገባሽ ነበር?» ቀጥላም፣ «አማቴ ቀድማ ብትነግረኝ የማተርፈው እንደሆነ አላውቅም። ብቻዬን ግን አልፈራም ነበር» አለች። እኔን ብቻዬን እንዳስፈራችኝ ያኔ የገባት መሰለኝ፤ እጄን ያዘችው። «አንቺ» እያልኳት እንደነበር ያስተዋልኩት ማታ ነው።

ቅዳሜ

ትኩሳቱ ወደ ሠላሳ ሰባት ነጥብ አራት ወረደ። ጎረቤቶች ወተት ይዘው መጡ፤ አንዷ «ምን ነካት ልጅቷን?» ብላ ጠየቀች። እናቴ እኔን አየችኝ። «በትኩሳት ትወድቃለች» አለች። ከዚያ ጥጉ ላይ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እናት ያዘለችውን ልጅ እያስተካከለች «የኔም ባለፈው…» አለች፣ አልጨረሰችውም። እናቴ መቁጠሪያዋን አውጥታ አጠገቧ ሄዳ ተቀመጠች፤ በጎኑ ማስተኛትን፣ ጋቢ መግፈፍን፣ ሦስት ዙር መቁጠርን አሳየቻት፤ ከሦስት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው አለቻት። መምህር ልትሆን ምንም አልቀራት! ክብሪቱ ግን መቀነቷ ውስጥ እንዳለ አየሁ፤ እሱን ተዪው አላልኳትም።

ማታ ደብተሩን ከፈትኩ። አያቴን፣ አባቴን፣ ራሴን ጻፍኩ። እናቴ ጣቷን ከኔ ስም በላይ አሳረፈች።

«እሱን እዚህ ጻፊው። ታላቅ ነው።»

እሑድ

ሠላሳ ስድስት ነጥብ ዘጠኝ። መናኸሪያ ድረስ በእግሯ ሸኘችን። ሂክማ ጩኮዋን በፌስታል ይዛለች። ሚኒባሱ ሊወጣ ሲል ሳምቡሳ የምትሸጥ ሴት «ሀደ ሰሚራ! ልጅሽን ሸኘሽ?» አለቻት።

«ሸኘሁ» አለች እናቴ። ነጠላዋን ጠበቅ አደረገች፣ ፈርታለች፣ ከመስኮቱ ይታየኛል። «ሀደ ጀማል በዪኝ። የመጀመሪያ ልጄ ጀማል ነው።»

ሴትዮዋ ምን እንዳለች አልሰማሁም፤ መኪናው ተነሳ። ሮቤ ላይ ለእማማ ከድጃ እጄን አወዛወዝኩ፣ አሰላ ላይ ወርጄ ለወይዘሮ አስቴር በዕዳ የነበረብኝን ምስጋናና አንድ ኪሎ የሮቤ ማር ሰጠኋቸው፣ አዳማ ላይ ፎጣዬን አረጠብኩ። ነስሩ ሲያገኘን ሂክማን ከኔ ነጥቆ አቅፎ ቆመ፣ ሚዛን እንደሚፈትሽ ሰው።

በሳምንቱ ዶክተሯ ጋር ገባሁ። ደብተሬን ዘረጋሁላት። አባቴ ወድቆ ተወው፣ ኖረ። እኔ ወድቄ ተውኩት፣ አለሁ። ሂክማ ይኸው። ረጅም ጊዜ አየችው። ስለሚመጣው ልጅ ቁርጥ ያለ ነገር ልትነግረኝ አልቻለችም፤ ቢወርስ እንደ አባቴም ሊሆን ይችላል፣ እንደ ሂክማም፣ ከዚያም ሊብስ ይችላል አለችኝ። እኔም አሁንም ፈራሁ፤ አሁንም እፈራለሁ። ቢያንስ የሚያስፈራኝን በስሙ አውቀዋለሁ፣ ሦስት ዙር ሊቆጥርልኝ የሚችል ሰውም አለኝ።

«ቆይ፣ ብቻዬን ነኝ ብለሽኝ አልነበር?» አለች የድሮውን ወረቀት እያወጣች።

«እርማት አለኝ» አልኳት። «ሁለት ነን።»

ከኔ ክብ በስተግራ አራት ማዕዘን ሠራች፤ ወንድ ማለት ነው። አጠቆረችው፤ የታመመ ማለት ነው። ከጥግ ወደ ጥግ ሰያፍ መስመር አሰመረችበት፤ የሞተ ማለት ነው። ከዚያ እስክሪብቶዋን ልታስቀምጥ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ስሙንም ጻፊልኝ» አልኳት።